ለቀይ የተተወ ቦታ

ሰነፍ ነህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ለማለት ነው። አካለ ወልድ እባላለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ባለች የሚካኤል ደብር ቁም ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብራና ፍቄ፣ አስምሬ፣ ጽፌ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ብቻ አራት መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ በእኛ ሥራ በዓመት አራት የጨረሰ ሰው ካለ አሳዩኝ። አምስተኛዋ ግን ሰባት ቃል ጎድሏት የቆዳ ማኅደሯ ውስጥ ተቀምጣለች። ሰባቱም ያው አንድ ቃል ናቸው፤ የአንድ ሰው ስም።

ሥራችንን ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ቀዩ ይከተላል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ከዳር እስከ ዳር ይጻፋል። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የመልአኩ ስም፣ የባለ መጽሐፉም የክርስትና ስም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን ጸሐፊው በጣቱ ለክቶ ባዶውን ትቶት ያልፋል። ጥቁሩ ሲያልቅ ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፣ ሌላ ብርዕ ይቀረጻል፣ የተተወው ሁሉ ይሞላል። እንግዲህ ቁም ጸሐፊ ማለት ትቶ ማለፍን እንደ ሙያ የተማረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሙያዬን በደንብ ተምሬያለሁ።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ስምንት የፍየል ቆዳ በአህያ አስጭነው ደጄ የመጡት በጥቅምት ነው። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ፣ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ምናለ ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያው ወር ሰሊጥ ለማጨድ ቆላ ወርዶ ነበር፤ አንድ በሬ የሚገዛበት ይዞ ሊመለስ። እናት ናቸውና ቆላውን ፈሩት። የመልአኩን ጸሎት የያዘች ትንሽ መጽሐፍ በልጃቸው ስም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ቆዳውም የገዛ ፍየሎቻቸው ቆዳ ነበር።

የልጁን የክርስትና ስም ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ስሙንማ አሁን አልነግርህም» አሉ። «ለእናንተ ለደብተራዎች ስም አይሰጥም፤ ትደግሙበታላችሁ። ጥቁሩን ጨርሰህ፣ ቀዩን ነክረህ ስትቀመጥ ጥራኝ። ያን ጊዜ መጥቼ በጆሮህ እነግርሃለሁ።»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በእኛ አገር የክርስትና ስም የትም አይጣልም፤ ያጠመቀው ቄስ፣ የክርስትና አባቱና ወላጆቹ ያውቁታል፤ ሌላው ሰው በቤት ስም ይጠራል። የምናለን ስም ያወጡት ቄስ አበረ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የክርስትና አባቱም ከእሳቸው በፊት አርፈዋል። ምናለ ራሱ ለንስሐም ለቁርባንም ገና ነኝ የሚል ጎረምሳ ነበር። ስለዚህ ያ ስም በእናቱ አፍ ብቻ ነበር የቀረው። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልሁም።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጥቁሩን ጨረስሁ፤ ከስሙ በቀር ቀዩንም ጨረስሁ። በመጽሐፏ ሰባት ቦታ «ዕቀቦ ለገብርከ» የሚል አለ፤ አገልጋይህን እገሌን ጠብቀው ማለት ነው። ከሰባቱም በኋላ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተውሁ። ጥምቀት ይለፍና እማሆይን እጠራለሁ ብዬ አሰብሁ።

ጥምቀት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ የማላውቀው ወጣት ደጄ ቆመ። ጌቱ እባላለሁ አለኝ፤ የሉማሜ ልጅ ነው፤ ከምናለ ጋር አንድ እርሻ ላይ ሲያጭዱ ነበር። ምናለ በኅዳር ወባ ታሞ በሦስተኛው ቀን መሞቱን፣ ቄስ ስላልተገኘም ያለ ፍትሐት እዚያው ቆላ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መቅበራቸውን ነገረኝ። ምናለ በስሙ መጽሐፍ እየተጻፈለት መሆኑን ለጓደኞቹ ሲያወራ ስለነበር ነው እኔን የፈለገኝ። ከኪሱ የታጠፈ ጨርቅ አወጣ። ውስጡ የምናለ ማተብ ነበር፤ ጥቁር ክር፣ ከጫፉ የወይራ መስቀል።

እናቱ ፊት መቆም አልችልም አለኝ። እርስዎ ሽማግሌ ይዘው በማለዳ ያርዷቸው ብሎ ማተቡን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ አስፋልቱ ወረደ። አልፈርድበትም። እሱ ቢያንስ ከቆላ እስከ ደጄ ድረስ ተሸክሞት መጥቷል። ከደጄ እስከ እማሆይ ቤት ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

መርዶ የራሱ ወግ አለው። በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት በየጓሮው ተዘጋጅቶ። ብቻውን ሄዶ የሚያረዳ የለም። ማቆየትም ነውር አይደለም፤ የታመመ ካለ እስኪድን፣ ድግስ ካለ እስኪያልፍ ይቆያል፤ የሚያቆየውም ሰው ብልህ ይባላል። እኔን ያጠፋኝ ይህ ብልህነት ነው። ሌላ አገር ብወለድ ኖሮ በዚያው ዕለት እነግራቸው ነበር ይሆን እያልሁ አስባለሁ። አይ፣ አልነግራቸውም ነበር። ሌላ ምክንያት አላጣም።

በዚያ ሳምንት የእህታቸው ልጅ ሠርግ ነበር፤ ሠርግ አይበላሽም አልሁ። ከዚያ እማሆይን ጉንፋን ያዛቸው፤ ይሻላቸው አልሁ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚውሉ ሴት ናቸውና በባዶ አንጀት ኀዘን ይገድላቸዋል አልሁ። ፋሲካ መጣ፤ በፋሲካ ማን ያረዳል? ሃምሳው ቀን ደግሞ የደስታ ወራት ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ለሽማግሌ ቢቀርብ ልክ ነህ ያሰኘኝ ነበር። ለሽማግሌ ግን አላቀረብሁም፤ ለማንም አልተናገርሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ሆድ ውስጥ ሲነቅዝ ሰምቼዋለሁ።

ጭንቁ ደግሞ የመርዶው ብቻ አልነበረም። መርዶ ካልተነገረ ፍትሐት የለም፤ ተዝካር የለም። ምናለ ከሞተ አርባውም አለፈ፣ ሰማንያውም አለፈ፣ መንፈቁም ደረሰ፤ ስሙን ጠርቶ አንድ ጸሎት ያደረሰለት ሰው የለም። እኔ ቤት ያለችው መጽሐፍ ደግሞ የሞተውን ሰው ጠብቀው ጠብቀው ትላለች። እውነቱን ልጻፍ ካልሁ ሰባቱን «ዕቀቦ» በምላጭ ፍቄ «አዕርፍ» ማድረግ አለብኝ፤ ነፍሱን አሳርፍ እንድትል። አንዷን ቃል ከፋቅሁ መርዶው ተነገረ ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፏን ማኅደሯ ውስጥ ከተትሁ፤ ማተቡንም አብሬ ከተትሁ።

እማሆይ በየቅዳሜው ከአማኑኤል ገበያ ሲመለሱ በእኔ በኩል ያልፋሉ። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ የምርኩዛቸው ድምፅ ይሰማል፤ ደጃችን ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ከዚያ መደቡ ላይ አረፍ ብለው አልቀሃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ መጽሐፉ አልቋል ወይ ማለታቸው ነው፤ አነጋገራቸው እንዲህ ነበር። ገና ነኝ እላለሁ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ የሻማ ካርቶን ቁራጭ ይፈታሉ፤ የምናለ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ደውልልኝ ይሉኛል።

እደውልላቸው ነበር። የሞተ ሰው ስልክ፣ መሞቱን እያወቅሁ፣ እናቱ ፊት ተቀምጬ፣ በየቅዳሜው እደውል ነበር። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም» የምትለው የሴት ድምፅ ትወጣለች። አንድ ቀን እማሆይ ፈገግ ብለው፣ ይህቺ ሴት ሁልጊዜ እሷ ናት የምታነሳው፣ አግብቶ ይሆን እንዴ አሉኝ። ኔትወርክ የለም ማለቷ ነው አልኋቸው። እሳቸው ግን ድምፅዋን ወደዱት፤ ጨዋ ትመስላለች አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ በረታ። ከጎህ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ከብራና ላይ ቀና አልልም። ከደጀንም ከማርቆስም ሥራ የሚያመጡ ሰዎች በፍጥነቴ ተገረሙ። አንድም ቀን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም፤ እጄ ባዶ ሲሆን ወደ ማኅደሯ ይሄድብኝ ነበርና ነው። በምጽፋቸው በሌሎቹ መጽሐፎችም ውስጥ ለቀይ የተውሁት ቦታ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚጠይቀኝ ይመስለኝ ጀመር። ስለዚህ ወግ አፍርሼ ጥቁርና ቀዩን ጎን ለጎን መጻፍ ያዝሁ፤ ባዶ ቦታ ላለማየት።

ባለቤቴ የብርጓል ማተቡን ያገኘችው በግንቦት ነው። ማኅደሩን አቧራ ልታራግፍ አንስታ መስቀሉ ከእግሯ ሥር ወደቀ። ሳትጠይቀኝ አወቀች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለች። ሁሉን ነገርኋት። ጮኻ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ሰነፍስ ብትሆን ደህና ነበር» አለችኝ። «ሰነፍ ሰው ያርፋል፤ ቀስቅሰው ጎትተው ያሠሩታል። አንተን ምን ብዬ ልቀስቅስህ? ነቅተህ፣ ቁጭ ብለህ፣ እየሠራህ ነው የምትሸሸው።»

ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አሁኑኑ ሽማግሌ ልጥራ አለች። ለመንኋት። ሃምሳው ይለቅ፣ ጰራቅሊጦስ ይዋል፣ በሰኔ መጀመሪያ ራሴ እነግራለሁ ብዬ ማልሁላት። እስከዚያው ብላ አፏን ያዘች። እሷም ሰው ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ሲቆሙ ቀጠሮ የማይጥመው ሰው የለም።

በሰኔ መጀመሪያው ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ተቀመጥሁ። የብርጓልም አጠገቤ ቆማለች። ምርኩዙ ተሰማ፤ እማሆይ መጡ፤ ካርቶኗን ፈቱ። ለመጨረሻ ጊዜ ልደውልና ከዚያ እናገራለሁ ብዬ ደወልሁ። ስልኩ ጠራ።

ጠራ። የብርጓል ክንዴን ያዘች። ከዚያም አንድ ወንድ አነሳና፣ ሃሎ፣ ማን ልበል አለ። የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ የሰማሁት በኋላ ነው። እማሆይ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ምናለ፣ ምናለ ብለው ተጣሩ። ሰውየው፣ ማን? አለ። እኔም ጣቴን ሰድጄ አጠፋሁት፤ ተቋረጠ አልሁ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ይስቁ ነበር።

«ድምፁ ወፍሯል» አሉ። «ደልቶታል ልጄን።»

በዚያ ሳምንት ለሚካኤል ጧፍ አስገቡ። ላገኙት ሰው ሁሉ ምናለ ስልክ አነሳ ብለው ነገሩ፤ የብርጓልም ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ልጥራ አላለችኝም። የሞተውን ልጅ እንደገና ገድሎ መንገር ከሁለታችንም አቅም በላይ ሆነ። በጥር ብናገር ኖሮ አንድ ሞት ነበር የምናገረው።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ ቄስ ምስጋናው የሄድሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ደብራችን ከመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ በዕድሜ የሚያንሱኝ ሰው ናቸው። የሞቱን ነገር አልነገርኋቸውም፤ እዚያም ሄጄ ግማሹን አስቀረሁ። ልሠራው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ አምስት ወር አለፈኝ፣ ስንፍና ይዞኛል አልኋቸው። ስንት ሰዓት ትተኛለህ አሉኝ። እንቅልፍ ከጠፋኝ ቆየ አልሁ። ብርዕ ያጠቆረውን ጣቴን አዩ።

«ይህ ስንፍና አይደለም» አሉኝ። «ሰነፍ ሥራውን ስለማይወድ አይሠራውም፤ ተኝቶም ያድራል። አንተ የሸሸኸው ሥራውን አይደለም፤ ከሥራው በኋላ የሚመጣውን ነው። ስግደት ብሰጥህ እሱንም ሥራ ብለህ ትደበቅበታለህ። ቀኖናህ መሄድ ብቻ ነው። ነገ ሂድ።»

ነገ አሉኝ። ዛሬ ቢሉኝ ኖሮ እያልሁ ብዙ ጊዜ አማኋቸው። እሳቸው ምን ያድርጉ? እኔ ነኝ ከዚያ ሁሉ ምክር ውስጥ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይዤ የወጣሁት።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞላ፤ እማሆይ ገበያ መውጣት ተዉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዙ ቀረ። እውነቱን ልናገርና እፎይ አልሁ። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ አንድ ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ የኔአለም መጣች። የእማሆይ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ሲታመሙ የምትጠብቃቸው እሷ ነበረች። ዝናቡ አበስብሷታል። እማሆይ ደክመዋል፤ ቀይ ቀለሙን ይዞ አሁኑኑ ይምጣ ብለዋል፤ ስሙን ልንገረው ብለዋል አለችኝ።

ያን ዕለት ከደጀን የመጣ ሥራ መጨረሻ ገጽ ላይ ነበርሁ፤ ሁለት መስመር ቀርቶኛል። ብራናው በእርጥበት እየተኮማተረ ነው፤ ትቼው ብነሳ ይበላሻል። ቀዩ ቀለም አልተበጠበጠም። ወንዙ እስከ ወገብ ነው። ነገ በማለዳ እመጣለሁ በያቸው አልኋት። እንግዲህ እዩልኝ፤ አንዱም ውሸት አልነበረም። ምክንያቶቼ ሁሉ እውነት ነበሩ። ሁለቱን መስመር ጻፍሁ፤ እንዲያ ያማረ መስመር በዕድሜዬ ጽፌ አላውቅም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የቀለም ቀንዴን ይዤ፣ መጽሐፏን ከነማኅደሯ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወንዙን ተሻገርሁ። የኔአለም በር ላይ ተቀበለችኝ፤ አንደበታቸው ከሌሊቱ ጀምሮ ተይዟል አለች። ገባሁ። እማሆይ ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ አወቁኝ። ቀንዱን ሲያዩ እጃቸው ከቡሉኮው ውስጥ ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ አፋቸውን እስኪነካ አስጠጋሁ። ትንፋሻቸው ሞቅ ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ድምፅ አልነበረውም። ደጋግመው ሞከሩ። ስሙን እየነገሩኝ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሰባት ጊዜም የነገሩኝ ይመስለኛል።

በዚያች ሰዓት እንኳ እውነቱን ልነግራቸው እችል ነበር። ወደ ልጅዎ ነው የሚሄዱት ብላቸው ማረፊያ በሆናቸው ነበር። እኔ ግን ምናለ ይመጣል አልኋቸው። ሦስት ሰዓት ላይ ዐረፉ።

አርብ ቀን ቀብር ሆነ። ዝናቡ አባርቶ ሕዝቡ በሚካኤል ቅጥር ግቢ ሞላ። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ተቀመጠ፤ ቄስ ምስጋናው ፍትሐቱን ሊጀምሩ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ያን ጊዜ የእድራችን ዳኛ ጋሽ እንዳላማው ወደ እኔ መጡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ቃላቸው ይሰማል።

ልጁ ሳይሰማ እናቱን አፈር ማልበሳችን ነው አሉ። በሰኔ ስልክ እንዳነሳ እማሆይ ነግረውናል፤ ቁጥሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው፤ ደውልለት አሉኝ። ቀጥለውም ወጉን አስተማሩኝ።

«በስልክ እንዳታረዳው» አሉ። «እናትህ ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ድረስ በለው። መርዶውን እዚህ ሲደርስ በማለዳ እንነግረዋለን።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለመደወል አስቤ ነበር። ያ የማላውቀው ሰው አንስቶ ሃሎ ይላል፣ እኔም እናትህ አሟታል እላለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ አተርፋለሁ። ይህ ሐሳብ በልቤ ሲያልፍ ራሴን ፈራሁት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ከዚያ ሁሉ ሽሽት በኋላ የደረስሁበት ቦታ ያው የፈራሁት ቦታ ነበር፤ ሰው ብቻ በዝቶበታል።

ማኅደሩን ከፍቼ ማተቡን አወጣሁ።

«ምናለ ቀድሟቸዋል» አልሁ። «በኅዳር ነው። ቆላ ነው የተቀበረው።»

ጋሽ እንዳላማው መቼ ሰማህ አሉኝ፤ በጥር አልሁ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙና እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ። ከዚያ የሴቶቹ ለቅሶ ተነሳ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ቄስ ምስጋናው ማተቡን ከእጄ ተቀበሉ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ያን የሰኔውን ንስሐ አሁን እንደገባቸው አየሁ። ማተቡን በአስከሬኑ ደረት ላይ አኖሩት። የእናቱም የልጁም ፍትሐት በአንድነት ይደረጋል አሉ። መስቀሉን አነሡ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«የልጁ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉ።

ጋሽ እንዳላማው ቄስ አበረን ጠሩ፤ ሞተዋል። የክርስትና አባቱን ጠሩ፤ ሞተዋል። የእህታቸው ልጅ አላውቅም አለ። አንዱ ወደ ሉማሜ ለጌቱ ደወለ፤ እኛ ምናለ ነበር የምንለው አለ ጌቱ። ቄስ ምስጋናው ጥያቄያቸውን አልደገሙም፤ እጃቸው ግን መስቀሉን እንደያዘ ቀረ። የሚያውቁት ሴት እፊታችን ተገንዘው ተኝተዋል፤ ሊነግሩኝም ልከውብኝ ነበር። በመጨረሻ ቄሱ ስሙን አንተ የምታውቀው ብለው ጸለዩ።

በአርባቸው ቀን ምላጭ አንስቼ ሰባቱን «ዕቀቦ» ፋቅሁና «አዕርፍ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ቀን አልፈጀብኝም። ስምንት ወር የሸሸሁት ሥራ ከቁርስ እስከ ምሳ አለቀ። ሰባቱ ቦታዎች ግን ባዷቸውን ናቸው። ሰዎች ምናለ ብለህ ጻፍበት ይሉኛል፤ የቤት ስም በቀይ አይጻፍም።

አሁን አልዘገይም። ሥራ ተቀብዬ ቀጠሮዬን አላሳልፍም፤ ሰውም ተመለሰ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የማንንም ሥራ አልይዝም። ስድስት ሰዓት ላይ ቀዩን በጥብጬ፣ ብርዑን ቀርጬ፣ መጽሐፏን ከጉልበቴ ላይ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ደጃችን ድንጋይ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። የራሴ ጆሮ ነው እል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን የብርጓል ጓዳ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ እጇን አቆመችና፣ መጡ አለችኝ።

ብርዑን ነክሬ ጆሮዬን አዘነበልሁ። ቀለሙ ብርዑ ላይ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።